«ክብደትህ ልክ ነው» ያልኩት ወንድሜ

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ቡና እየቆላሁ ሳለ ጎረቤቴ የ12 ዓመት የልጅ ልጇን እጅ ይዛ ገባች። «ሲስተር፣ ይህን ልጅ እይልኝ፤ አልቆብኛል» አለችኝ። ጡረታ ከወጣሁ ስድስት ዓመት ቢያልፈኝም በሰፈራችን ሲስተርነቴ ጡረታ አልወጣም።

በሌላው እጇ ትንሽ የታተመች ወረቀት ይዛለች። አዳማን የሚያውቅ እነዚህን ሚዛኖች ያውቃቸዋል። ድሮ በመናኸሪያው አካባቢ ልጆች መሬት ላይ አስቀምጠው በሳንቲም የሚመዝኑባቸው ነበሩ፤ አሁን ደግሞ ቁመትም ክብደትም ለክተው ወረቀት የሚሰጡት መጥተዋል። ወረቀቷ ላይ ቁመት 148 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደት 37 ኪሎ፣ ቢኤምአይ 16.9 ይላል። ከሥሩ በእንግሊዝኛ የተጻፈውን የልጁ አጎት «ከመጠን በታች የከሳ» ብሎ ተርጉሞላታል። ከዚያ ወዲህ ጎረቤቴ እንቅልፍ የላትም። ቲቢ ይሆን? የሆድ ትል ይሆን? እስኪጣራ ድረስ ሁለት ቀን ሙሉ ገንፎ በቅቤ፣ ጨጨብሳ በቅቤ ስታበላው ሰነበተች። ልጁ ሆዱን ይዞ ከኋላዋ ቆሟል።

ልጁን አየሁት። ዓይኑ ብሩህ ነው፤ ሳል የለው፣ ትኩሳት የለው፤ ከትምህርት ቤት ሲመጣ ኳስ ከመጫወት በቀር ሌላ በሽታ የለበትም። ስህተቱ የማሽኑ ነው። «ከ18.5 በታች የከሳ ነው» የሚለው መስመር ለአዋቂ ሰው የተሰመረ ነው። ከ5 እስከ 19 ዓመት ላሉ ልጆች የዓለም ጤና ድርጅት በዕድሜና በጾታ የተለየ ሠንጠረዥ አለው፤ ቁጥሩም ልጁ ባደገ ቁጥር ይቀየራል። በዚያ ሠንጠረዥ የ12 ዓመት ወንድ ልጅ መካከለኛው ቁጥር 17.5 ገደማ ነው። የጎረቤቴ የልጅ ልጅ እንግዲህ ከእኩዮቹ መሐል ነው የተገኘው። ከ14.5 በታች ቢወርድ ኖሮ እኔም አብሬያት እደነግጥ ነበር።

ልጁ እፎይ ብሎ ወደ ኳሱ ሮጠ። እኔ ግን ያችን ወረቀት ይዤ ቀረሁ። ልጁን «የከሳ» ብላ በሐሰት ያስደነገጠችው ቁጥር፣ አንድ ሰው ደግሞ «ልክ ነህ» ብላ በሐሰት አጽናንታብኛለች። እሱም የገዛ ታናሽ ወንድሜ ነው።

ቢኤምአይ የሚባለው ነገር ረቂቅ ሂሳብ አይደለም። ክብደትን በኪሎ ይወስዱና በሜትር ለተለካው ቁመት ሁለት ጊዜ ያካፍሉታል። 68 ኪሎ የሚመዝን፣ ቁመቱ 1.74 ሜትር የሆነ ሰው 22.5 ገደማ ይመጣለታል። ከ18.5 በታች የከሳ፣ ከዚያ እስከ 25 ልክ፣ ከ25 እስከ 30 ክብደቱ ከመጠን ያለፈ፣ ከ30 በላይ ደግሞ ከልክ በላይ የወፈረ ይባላል። ነርሲንግ ስንማር ይህን እንደ ውዳሴ ማርያም ነው በቃል የያዝነው። ከየት እንደመጣ ግን የነገረን አልነበረም።

ሂሳቡን መጀመሪያ ያወጣው አዶልፍ ኬትሌ የሚባል ቤልጂየማዊ ነው፤ ከዛሬ 190 ዓመት ገደማ በፊት። ሐኪም አልነበረም። ሙያው የከዋክብት ጥናትና የቁጥር ስሌት ነበር፤ የሚፈልገውም የታመመውን ከጤነኛው መለየት ሳይሆን የብዙ ሰው አማካይ ምን እንደሚመስል ማወቅ ነበር። ቢኤምአይ የሚለውን ስም የሰጠው ደግሞ አሜሪካዊው ተመራማሪ አንሰል ኪስ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1972። እሱና ጓደኞቹ በአምስት አገሮች ከ7 ሺህ በላይ ወንዶችን ለክተው፣ ሕዝብን በጅምላ ለማጥናት ከነበሩት ቀላል ስሌቶች ይህኛው አይከፋም አሉ። ከተለኩት መካከል ሴት አልነበረችም፤ ኢትዮጵያዊም አልነበረም። የጅምላው መለኪያ እንዴት የነጠላ ሰው ፍርድ ሆኖ እኛ ዘንድ እንደደረሰ ሳስበው ይገርመኛል። ርካሽ መሆኑ ሳይረዳው አልቀረም። ሚዛንና ሜትር ያለው ሁሉ ይሠራዋል።

ወደ ወንድሜ ልመለስ። ከአዳማ ጅቡቲ የሚመላለስ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። እጁና እግሩ ቀጭን፣ ፊቱ ሸንቃጣ፣ ከሸሚዙ ሥር ግን ትንሽ የምትገፋ ቦርጭ። በየዓመት በዓሉ ቤቴ ሲመጣ «እትዬ፣ እስቲ መዝኚኝ» ይለኛል፤ እመዝነዋለሁ። 68 ኪሎ። ቁመቱ 1.74። «ክብደትህ ልክ ነው፤ ቦርጭህ የሹፌር ነው» እለዋለሁ፤ ቤቱ በሙሉ ይስቃል። እናታችን በሕይወት ሳለች ደግሞ «ምነው ይቺ ቦርጭ ባትኖር ምን ይመስል ነበር፣ ደግ አደረገች» ትል ነበር። በእኛ ቤት ቦርጭ የድሎት ምልክት ነበረች።

ከዚያ መጠማት ጀመረ። ማን ይጠረጥራል? አዋሽን ተሻግሮ ወደ አፋር የወረደ ሰው አይጠማም ወይ? ውሃ ጠጣ፣ ለስላሳ ጠጣ፤ ለስላሳው ደግሞ እሳት ላይ ቤንዚን ነው። ሌሊት ሦስት አራት ጊዜ ለሽንት ይነሳ ነበር፤ «ብዙ ስለምጠጣ ነው» አለ። እውነት መሰለን። አንድ ቀን አዲስ ጫማ ትንሿን የእግር ጣቱን ላጠው። ቁስሉ አልሽር አለ። እኔ ጋ ሲመጣ ጣቱ ጠቁሯል፤ ስኳሩን ስለካው 412 ሆኖ አገኘሁት። ሳይበላ 126 ከደረሰ ስኳር በሽታ ነው የሚባለው፤ በልቶም ቢሆን ከ200 ማለፍ የለበትም። ጣቱ ተቆረጠ። እግሩ ተረፈ፤ ስለዚያ አምላኬን አመሰግናለሁ። ከስንት ዓመት ጀምሮ እንደታመመ ግን ማንም ሊነግረን አልቻለም። በየበዓሉ እየመዘነች «ልክ ነህ» ያለችው ነርስ ታላቅ እህቱ ነበረች።

ሚዛን ኪሎ ይቆጥራል እንጂ ኪሎው ጡንቻ ይሁን ስብ፣ አጥንት ይሁን ውሃ አይለይም። ስቡም የትም ቢሆን አንድ አይደለም። በዳሌና በጭን የተቀመጠው ይህን ያህል አያስቸግርም። በሆድ ዕቃ ውስጥ በአንጀትና በጉበት ዙሪያ የሚጠራቀመው ግን ዝም ብሎ የሚቀመጥ አይደለም። ወደ ጉበት ይፈስሳል፣ ኢንሱሊን የሚባለውን ቅመም ሥራ ያስፈታዋል፣ ስኳሩም ግፊቱም አብረው ይወጣሉ። ስኳርን በብዛት የሚያቃጥለው ደግሞ የእግርና የዳሌ ጡንቻ ነው። ቀኑን ሙሉ መሪ ጨብጦ የሚቀመጥ ሰው ጡንቻው እየሳሳ ሆዱ እየገፋ ይሄዳል፤ አንዱ ሲቀንስ አንዱ ሲጨምር ሚዛኑ ላይ ያው 68 ይሆናል።

በዚህ ነገር ሁለት ሐኪሞች ራሳቸውን ምሳሌ አድርገው ያሳዩት አለ። አንዱ የሕንድ፣ አንዱ የእንግሊዝ ሐኪም ናቸው። የሁለቱም ቢኤምአይ 22.3 ነው። የሰውነታቸው ስብ ሲለካ የእንግሊዛዊው 9 ከመቶ፣ የሕንዳዊው 21 ከመቶ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2004 ፎቶግራፋቸውን ጎን ለጎን አድርገው ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት አወጡት። በዚያው ዓመት የዓለም ጤና ድርጅት የባለሙያዎች ጉባኤ ለእስያ ሕዝቦች ጥንቃቄው ከ25 ሳይሆን ከ23 እንዲጀምር መከረ።

ለእኛስ? እኔም ጣቱ ከተቆረጠ በኋላ ነው መጠየቅ የጀመርኩት። ጅማ ዩኒቨርሲቲ መልስ የሚሆን ሥራ ሠርቷል። በ2007 ዓ.ም. 704 የዩኒቨርሲቲው ሠራተኞች ቁመታቸው፣ ክብደታቸውና ወገባቸው ተለካ፤ ከዚያም እየተራ ሰው ሙሉ በሙሉ በሚገባበት ዝግ መሣሪያ ውስጥ ተቀምጠው ሰውነታቸው ከቦታው ባስለቀቀው አየር መጠን ስባቸው ተሰላ። ውጤቱ ሲታተም እኔን ያስደነገጠኝ እዚህ ላይ ነው። ከመጠን ያለፈ ስብ ያለበትን ሰው በደንብ የለየው መስመር ለሴቶች 24.5፣ ለወንዶች ደግሞ 22.2 ሆኖ ተገኘ። በዓለሙ ሠንጠረዥ ውፍረት የሚጀምረው ከ30 ነው። የወንድሜን ቁጥር ታስታውሳላችሁ፤ 22.5 ነበር። የወገብ ዙሪያውም ለወንዶች 83.7፣ ለሴቶች 78 ሴንቲ ሜትር ሆነ። የአንድ ዩኒቨርሲቲ ሠራተኛ መላውን ኢትዮጵያ አይወክልም፤ ገበሬውም ሸማኔውም እዚያ ውስጥ የሉም። ይሁን እንጂ ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚሠራ የከተማ ሰው እንደሚወክል አልጠራጠርም፤ አዳማም ሻሸመኔም ባቱም ቢሾፍቱም በእንዲህ ያለ ሰው እየሞሉ ነው።

ከዚህ የባሰም አለ። በጎንደር ፕሮፌሰር ሽታዬ አለሙና ባልደረቦቻቸው ከገጠር የሚመጡ፣ ድሆች፣ አጥንታቸው የወጣ የስኳር ሕሙማንን ለዓመታት ሲያክሙ ኖረው፣ ይህ ከልጅነት ረሀብ ጋር የተያያዘ ሌላ ዓይነት ስኳር አይደለም ወይ ብለው እ.ኤ.አ. በ2009 ጠየቁ። ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን ከምግብ እጥረት ጋር የሚያያዘውን ስኳር «ዓይነት 5» ብሎ የተቀበለው እ.ኤ.አ. በ2025 ነው። የወንድሜ ሕመም ይህ አይደለም። ነገር ግን «ስኳር የወፍራም በሽታ ነው» ለሚል ሰው ጎንደር በቂ መልስ ነው።

የአገሪቱን ቁጥር ስናይም ነገሩ ይኸው ነው። የኢትዮጵያ ኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት በ2007 ዓ.ም. ከ15 እስከ 69 ዓመት የሆኑ ሰዎችን ሲያጠና ቢኤምአያቸው 25ና ከዚያ በላይ የሆነው ከመቶ 6 ያህል ብቻ ነበሩ። ደም ግፊት የተገኘባቸው ግን ከመቶ 16። ወፍራሞቹ ሁሉ አንድ ሳይቀሩ ግፊት ቢኖርባቸው እንኳ፣ ከግፊት ሕሙማን የሚበዙት በሠንጠረዡ «ልክ» ወይም «ቀጭን» የተባሉት ናቸው። «እኔ ቀጭን ነኝ፣ ግፊት ምን ያደርግልኛል» ብላ ቤቷ ቁጭ ያለች ስንት ሴት አለች!

በሌላ በኩል ሚዛኑ ቀጭኖችን የሚበድልበት ጊዜ አለ። መተሐራ ለጥቂት ዓመት ሠርቻለሁ። ከፈንታሌ የሚመጡ የከረዩ ጎረምሶች ግመል እየነዱ ቀኑን ሙሉ የሚሄዱ፣ እግራቸው የረዘመ፣ ደረታቸው አጭር ናቸው። ሒሳቡን ስሠራው 17 እየመጣ «የምግብ እጥረት» ብዬ እጽፍ ነበር። አንዳንዱ በእርግጥ ተርቦ ነበር፤ ድርቁን እኔም አይቻለሁና በዚህ አልቀልድም። አንዳንዱ ግን ከእኔ ይልቅ ጤነኛ ነበር። እግር ከደረትና ከሆድ ይልቅ ቀላል ነው፤ ቁመቱ በእግር የመጣለት ሰው ለቁመቱ የሚመዝነው ያንሳል። በኢትዮጵያ ሕፃናት ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናትም ይህንኑ ነው ያሳየው። የአርብቶ አደር ልጆች ክብደት ከቁመት ጋር ሲነጻጸር ከሚገባው በላይ «የተጎዳ» ይላቸዋል፤ ምክንያቱም የሰውነታቸው ቅርፅ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቻችን ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ባሉ ልጆች ክንድ ላይ የሚያዞሯት ባለ ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ ሜትር ግን ስለ እግር ርዝመት አትጠይቅም። ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ቀይ ነው፤ ልጁ በዚያው ቀን ሕክምና ይፈልጋል። ያቺ ርካሽ ሜትር ብዙ ልጅ አትርፋለች።

እንዲህ ስል ቢኤምአይ ይጣል ማለቴ አይደለም። ለመንግሥት፣ ለዕቅድ፣ ሕዝብ በጅምላ ወዴት እየሄደ እንደሆነ ለማወቅ የሚተካው ርካሽ መለኪያ የለም። በ1992 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ጤና ጥናት ከኢትዮጵያ ሴቶች 30 ከመቶው የከሱ፣ 3 ከመቶው ክብደታቸው ያለፈ ነበሩ፤ በ2008 ዓ.ም. የከሱት ወደ 22 ወርደው ያለፉት ወደ 8 ወጡ። አንድ አገር ረሀቡን ሳትጨርስ ጥጋቡ እንደደረሰባት ያየነው በዚሁ ቁጥር ነው። ከ30 በላይ የሆነ ሰውም ብዙውን ጊዜ ስብ ነው እንጂ ጡንቻ አይደለም፤ «አጥንቴ ከባድ ነው» የሚለውን ወሬ 35 ዓመት ሰምቼዋለሁ። በሠፈሬ እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ አንዲት ሴት አለች፤ ቁጥሯ 31፣ ስኳሯም ግፊቷም ደህና ነው። ሥራዋ ቀኑን ሙሉ ያንቀሳቅሳታል፤ ክብደቷም በዳሌዋ ነው። ጉልበቷ ግን ደረጃ በወጣች ቁጥር ይነግራታል። እሷን «ምንም የለብሽም» ማለትም ውሸት ነው።

የምለው፣ ቁጥሩ ብቻውን አይፍረድ ነው። የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ2023 ሐኪሞች በቢኤምአይ ብቻ እንዳይወስኑ፣ ሌሎች መለኪያዎችን እንዲጨምሩበት ብሏል። ታዲያ ምን እንጨምር? እኔ አሁን ቤቴ የማደርገውን ልንገራችሁ።

የልብስ ሰፊ ሜትር አለኝ። ሰውየው ሸሚዙን ከፍ አድርጎ ቀጥ ብሎ ይቆማል። የመጨረሻዋን ጎድን አጥንትና የዳሌውን አጥንት አናት በጣቴ እፈልግና መሐላቸው ላይ ሜትሩን አዞራለሁ። ቀበቶ የሚታሰርበት ቦታ አይደለም፤ ወንዶች ቀበቷቸውን ከቦርጫቸው ሥር አስረው «ወገቤ ከወጣትነቴ ጀምሮ 32 ነው» ይላሉ። ትንፋሹን አስወጥቶ፣ ሆዱን ሳይስብ ይለካል። በዓለም አቀፍ ልኬት ወንድ 94፣ ሴት 80 ሴንቲ ሜትር ከደረሱ ጥንቃቄ ይጀምራል፤ 102ና 88 ላይ አደጋው ከፍ ይላል። የጅማውን ካሰብን ደግሞ ከዚያም ቀደም ብሎ።

ሜትር የሌለው ሲባጎ ይውሰድ። ከእግር እስከ ራስ ቁመቱን በሲባጎው ይለካ፤ ከዚያ ለሁለት ይጠፈው። የታጠፈው ሲባጎ ወገቡን ዞሮ ካልገጠመ፣ ወገቡ ከቁመቱ ግማሽ በልጧል ማለት ነው። ወንድሜን ከሆስፒታል ሲወጣ በዚህ ለካሁት። የቁመቱ ግማሽ 87 ነው፤ ወገቡ 96። ዘጠኝ ሴንቲ ሜትር ጎደለው። በየበዓሉ ከሚዛኑ ጎን አንድ ሲባጎ ቢኖረኝ ኖሮ ያን ሁሉ ዓመት ባልሳቅን።

ሲባጎው አልገጠመም ማለት ታመመ ማለት አይደለም፤ ጤና ጣቢያ ሄዶ ግፊቱንና ሳይበላ ስኳሩን ይለካ ማለት ነው። ዕድሜው ከ40 ያለፈ፣ ወይም እናት አባቱ ስኳር የነበረባቸው ሰው ሲባጎው ቢገጥምም መለካቱ አይከፋም።

ለእኛ ለአያቶች ሌላ ነገር አለ። ሰው ሲያረጅ ያጥራል። በጎልማሳነቷ 1.62 የነበረችና 62 ኪሎ የምትመዝን ሴት ቁጥሯ 23.6 ነበር። ዛሬ ጀርባዋ ጎብጦ 1.57 ብትሆን፣ አንድ ኪሎ ሳትጨምር 25.2 ይሆናል፤ ሳትወፍር ወፈርሽ ትባላለች። በዚህ ዕድሜ ይልቅ የሚያሳስበኝ መክሳት ነው። ቀሚሱ የሰፋው፣ ቀለበቱ ከጣቱ የሚወልቀው፣ ሳይፈልግ በግማሽ ዓመት አራት አምስት ኪሎ የወረደ ሽማግሌ ቁጥሩ 22 ቢሆንም «ልክ ነው» ብላችሁ እንዳታልፉት። ጥርሱ ይሆናል፣ ሐዘን ይሆናል፣ ስኳር ይሆናል፣ ካንሰርም ሊሆን ይችላል። ከወንበር እጁን ሳይደገፍ መነሳት ይችል እንደሆነ እዩት፤ ጡንቻው እንዳለ የሚነግራችሁ ከሚዛኑ ይልቅ ያ ነው።

ወጣት ልጆች ያሏችሁ ደግሞ የስልክ ሒሳብ ማሽን ላይ ዕድሜ ሳያስገቡ ቁጥር እንዳያወጡ ተጠንቀቁ። የጎረቤቴን የልጅ ልጅ ቅቤ ያስጋተው ያው ሒሳብ፣ ሌላዋን የ15 ዓመት ልጅ እራት ያስተዋታል። ልጅ ሲባል በአንድ ቀን ቁጥር ሳይሆን በየጊዜው ተለክቶ በራሱ መስመር ላይ እያደገ መሆኑ ነው የሚታየው።

ያን ቅዳሜ ቡናው ሲፈላ ጎረቤቴን «ነይ እስቲ አንቺን ልለካሽ» አልኳት። «እኔን? እኔ ምን አለኝ! ልጁን ነው ያመጣሁልሽ» ብላ ሳቀች። ቀጭን ሴት ናት፤ ክንዷ እንደ ሸንኮራ አገዳ ነው። ሲባጎው ግን አልገጠመም። ግፊቷን ስለካው 168 በ100 ሆነ። ትንሽ አስቀምጬ ደግሜ ለካሁት፤ ያው ነው። ሁለተኛውን ስኒ ቡና ከለከልኳት፤ ተቆጣችኝ። ሰኞ ጠዋት ሳትበላ መጣች፣ ጤና ጣቢያ አብረን ሄድን። ልጁም ትምህርት ቤት ከመግባቱ በፊት እስከ በሩ ሸኝቶናል።